ስንት ሰዓት ትተኛለሽ?

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የሚመጣ ረሃብ አለ። ናይት፣ የሌሊት ፈረቃ፣ የሠራ ሰው ያውቀዋል። የምሳ ሰዓቱን ረሃብ አይመስልም፤ ሆድ አይጮህም፣ አንጀት አይታጠፍም። መጀመሪያ ብርድ ብርድ ይላል፣ ዓይን ይቆረቁራል፣ ከዚያ እጅ አንድ ነገር ይፈልጋል። የሚፈልገው ደግሞ ጎመን አይደለም።

እኔ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ፣ አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ 6 ዓመት ናይት ሠርቻለሁ። ሲ ኤን ኤ ነኝ፤ ነርሶችን እያገዝኩ ታካሚ የምንከባከብ። ከምሽቱ 5 ሰዓት ገብቼ ጠዋት 1 ሰዓት ነበር የምወጣው። ከቤት ምሳ ዕቃ ይዤ ነው የምሄደው፤ እንጀራ በምስር፣ አንዳንዴ ሽሮ ፍርፍር። ምሳ ዕቃው ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል። ነርሶቹ የሚቀመጡበት ባንኮኒ ላይ ደግሞ የታካሚ ቤተሰብ ያመጣው የዶናት ካርቶን አለ። ሁሌም አለ። ዙሬን ጨርሼ፣ ሰው አገላብጬ፣ አንሶላ ቀይሬ ስመለስ እግሬ ወደ ፍሪጁ አይሄድም። የካርቶኑን ክዳን በአንድ ጣቴ ከፍ አደርገዋለሁ፤ ስኳሩ ክዳኑ ላይ ተጣብቆ አብሮ ይነሳል። የመጀመሪያውን ቆሜ እበላዋለሁ። ሁለተኛውን ኮምፒውተሩ ጋ ተቀምጬ የታካሚ መዝገብ ስሞላ። ጠዋት ቤት ስገባ ምሳ ዕቃዬ እንደሞላ ነው።

ይሄን ነገር ለዓመታት ሆዳምነት ነው ብዬ ነበር የማምነው። ጠባዬ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። አገር ቤት እያለሁ ጣፋጭ የማልወድ ሰው ነበርኩ፤ ኬክ ሲቆረስ ድርሻዬን ለእህቴ ነበር የምሰጠው። ታዲያ አሁን ምን ነካኝ እያልኩ በየሌሊቱ ከራሴ ጋር እጣላ ነበር።

በ6 ዓመት ውስጥ ከ61 ኪሎ 83 ገባሁ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ63 ነው። ሐኪሞች ክብደትን በኪሎ ወስደው፣ ቁመትን በሜትር በራሱ አባዝተው፣ ያካፍሉና አንድ ቁጥር ያወጣሉ። 25 ሲደርስ ክብደት በዝቷል ይባላል፣ 30 ሲሞላ ከልክ ያለፈ ውፍረት። የኔ 31 ነበር።

የመጀመሪያው ሐኪም የምግብ ዝርዝር ያለበት ወረቀት ሰጠኝ። ሁለተኛው ስፖርት ሥሪ አለኝ፤ በ8 ሰዓት ፈረቃ እግሬ እስኪያብጥ እንደምሄድ አልጠየቀኝም። ዘመድ ወዳጅ ደግሞ አንድ መድኃኒት ብቻ ነው ያለው። «እንጀራ ተዪ።» እሺ ብዬ እንጀራ ተውኩ። 3 ወር ሙሉ እንቁላል ቅቅልና ሰላጣ በላሁ። 5 ኪሎ ቀነስኩ። ጉንጬ ገባ፣ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ ቦርጩ ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ከዚያ በ2 ወር ውስጥ 7 ኪሎ ተመለሰ።

ሦስተኛዋ ሐኪም ናት የተለየ ነገር የጠየቀችኝ። ምን እንደምበላ ከመጠየቋ በፊት «ስንት ሰዓት ትተኛለሽ?» አለችኝ።

«4 ሰዓት ብቻ። ከተሳካልኝ 5።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«6 ዓመት ሊሆነኝ ነው።»

ኮምፒውተሩን ትታ ወደኔ ዞረች። ያን ቀን ስለ ምግብ ያወራነው ትንሽ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን ማንበብ የጀመርኩት። ያነበብኩትን የማካፍላችሁም እንደኔ ራሳቸውን በሆዳምነት የሚከሱ ሰዎች ብዙ ስለማውቅ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

በ2004 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 12 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን ለ2 ሌሊት 4፣ 4 ሰዓት ብቻ አልጋ ላይ እንዲቆዩ አደረጉ። በሌላ ጊዜ ደግሞ እነዚያኑ ልጆች 10 ሰዓት አስተኟቸው። ሰውነታችን ውስጥ ሌፕቲን የሚባል ሆርሞን አለ። ከስብ ነው የሚወጣው፣ ሥራውም ለአንጎል «በቃ፣ ጠግበናል» ብሎ መንገር ነው። ግሬሊን የሚባለው ደግሞ ከጨጓራ ይወጣል፣ «አምጣ» የሚለው እሱ ነው። ልጆቹ እንቅልፍ ሲያጡ ሌፕቲናቸው በ18 ከመቶ ወረደ፣ ግሬሊናቸው በ28 ከመቶ ወጣ። ረሃባቸው በ24 ከመቶ ጨመረ። ከሁሉ በላይ የጨመረው አምሮት ደግሞ የኬኩ፣ የቺፕሱ፣ የዳቦውና የፓስታው ነው። በ2 ሌሊት ብቻ። ይሄን ሳነብ ያ የዶናት ካርቶን ፊቴ ላይ መጣ። አምሮቱን ሌሊቱ ነበር ያመጣብኝ። እኔ ደግሞ ከጠባዬ ጋር ነበር የምታገለው።

ሁለት ሌሊት ሌላ፣ 6 ዓመት ሌላ ነው የሚል ይኖራል። አሜሪካ ውስጥ ከ68 ሺህ በላይ ሴት ነርሶችን 16 ዓመት ተከታትለው በ2006 የወጣ ጥናት አለ። 5 ሰዓትና ከዚያ በታች የሚተኙት፣ 7 ሰዓት ከሚተኙት ጋር ሲተያዩ፣ 15 ኪሎና ከዚያ በላይ የመጨመር ዕድላቸው በ32 ከመቶ ከፍ ያለ ነበር። በአማካይ ከታየ ግን ልዩነቱ 1 ኪሎ ከምናምን ነው። ይሄንንም መናገር አለብኝ፤ እንቅልፍ ብቻውን ሰውን 22 ኪሎ አይጨምርም። በሩን ግን ይከፍታል። በተከፈተው በር የሚገባው ምግቡ ነው።

ያ 5 ኪሎ የት እንደሄደም ገባኝ። በ2010 ያው ቺካጎ ውስጥ ክብደታቸው የበዛ 10 ሰዎችን ለ2 ሳምንት ምግብ ቀንሰውባቸው ነበር። አንዴ 8 ሰዓት ተኩል አልጋ ላይ እየቆዩ፣ አንዴ 5 ሰዓት ተኩል። በሁለቱም ጊዜ 3 ኪሎ ገደማ ነው የቀነሱት። በደንብ ሲተኙ ከዚያ ውስጥ 1.4 ኪሎው ስብ ነበር። እንቅልፍ ሲያጡ ግን ስቡ 0.6 ኪሎ ብቻ ሆነ፣ የቀረው ከጡንቻና ከመሳሰለው ሄደ። ሚዛኑ ያው ቁጥር ነው የሚያሳየው። እኔ እንቁላልና ሰላጣ እየበላሁ፣ 4 ሰዓት እየተኛሁ፣ በኩራት ሚዛን ላይ ስወጣ ጉልበቴ የሚንቀጠቀጠው ለካ ያለምክንያት አልነበረም።

አሁን ስለ እንጀራ። እንጀራን ያለጥፋቷ ነው የወነጀልናት። ጤፍ ፋይበር አለው፣ ብረት አለው፣ ያጠግባል። እኔ እንጀራ የተውኩት ዶናቱን ሳልተው ነው! ብዙዎቻችን እንደዚህ ነን፤ የምናውቀውን የእናታችንን ምግብ እንጠረጥርና ካርቶን ውስጥ ያለውን እንረሳዋለን። ከቤቴ 20 ደቂቃ በማትርቀው ቤተስዳ፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ግቢ ውስጥ፣ 20 ሰዎችን ለ4 ሳምንት አስቀምጠው በ2019 ያወጡት ጥናት አለ። 2 ሳምንት የፋብሪካ ምግብ፣ 2 ሳምንት ቤት እንደሚሠራው ያለ ምግብ። የቀረበላቸው ካሎሪ፣ ስኳር፣ ስብ፣ ጨውና ፋይበር እኩል እንዲሆን ተደርጎ፣ የፈለጋችሁትን ያህል ብሉ ተባሉ። የፋብሪካው ላይ በቀን 500 ካሎሪ ገደማ አብልጠው በሉ፣ በ2 ሳምንትም 1 ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የጎደለው ጨመሩ። በሌላው 2 ሳምንት ያንኑ ያህል ቀነሱ። እንግዲህ ያንን ምግብ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ፣ ሌፕቲኑ ለወረደበት ሰው አቅርቡለት።

እኛ ቤትም ግን ጥፋት የለም አልልም። ዘይታችን ብዙ ነው። ቁሌቱ ላይ እጃችን እንዳመጣው ነው የምናፈሰው፣ ዘይቱ ጠለል ካላለ ወጥ የበሰለ አይመስለንም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ አለው። የጾም ነው ብለን የምንበላው ሳምቡሳ ዘይት ውስጥ ዋኝቶ የወጣ ነው። ለስላሳውም አለ፤ 355 ሚሊ ሊትር የምትይዘዋ ቆርቆሮ 39 ግራም ስኳር አላት፣ 140 ካሎሪ። ባለቤቴ መኪና ሲነዳ በአንድ ሌሊት 3 ቆርቆሮ ይጠጣ ነበር፣ እንቅልፍ እንዳይወስደው።

እናቴን ላምጣ። የወሎ ሰው ናት። በቪዲዮ ስታየኝ «እሰይ! ተመችቶሻል ማለት ነው፣ ደህና እየበላሽ ነው» ትለኛለች፣ ዓይኗ እንባ እስኪያቀር ድረስ። ለእሷ ውፍረት በሽታ ሊሆን እንደሚችል ብነግራት አይገባትም፣ እንዲገባትም ብዙ አልታገልኩም። በ77ቱ ድርቅ (ይሄ እንኳ በኛ አቆጣጠር ነው) ወጣት ነበረች፤ ሰው እንዴት እንደሚቀጥን አይታለች። የሷ ፍርሃት ከንቱ አይደለም። በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የጤና ጥናት እንኳ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ100 ሴቶች 22ቱ ከሚገባው በታች ቀጭን ነበሩ፣ ክብደታቸው የበዛው 8 ብቻ። ስለዚህ «ወፈርሽ» ስትለኝ ምርቃት ነው፣ እኔም አሜን እላለሁ። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። እኔ 2 ሰዓት ላይ ቤት ገብቼ መጋረጃ ስዘጋ አዲስ አበባ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ሰው ሁሉ ነቅቷል። ስልኩ ይጮኻል። ዋትስአፕ፣ ቫይበር፣ የአክስት ልጅ፣ የዕቁብ ሰብሳቢ። አለማንሳት ደግሞ ይከብዳል፤ «አሜሪካ ገብታ ኮራች» ከመባል 20 ደቂቃ እንቅልፍ ማጣት ይቀላል ብዬ ነበር የማስበው። 20 ደቂቃዋ 3 ጊዜ ስትደጋገም 1 ሰዓት ናት። በ6 ዓመት አስሉት።

ዶክተሯ ስለ ሰውነት ሰዓት ስታስረዳኝ እኔ ሳልፈልግ ፈገግ አልኩ። አንጎላችን ውስጥ በብርሃን የሚሞላ ሰዓት አለ፣ ጉበቱም ጣፊያውም በዚያ ነው የሚሠሩት፣ ቀኑ የሚጀምረው ጠዋት ብርሃን ዓይን ሲነካ ነው አለችኝ። የዚህን ሰዓት አሠራር ያገኙት 3 ሳይንቲስቶች በ2017 ኖቤል ተሸልመዋል። እኔ ግን የታሰበኝ የአበሻ ሰዓት ነው። ፀሐይ ወጥታ 1 ሰዓት ስትሆን 1 ሰዓት የምንል ሰዎች እኮ ነን። እዚህ አገር ስልኬን ወደ ፈረንጅ ሰዓት ባዞረውም አፌ ዛሬም አልተመለሰም፤ «9 ሰዓት ሌሊት» ስል ጨለማ ከገባ 9ኛው ሰዓት ማለቴ ነው። ሰውነቴም እንደዚያ ነው የሚቆጥረው። ቦስተን ውስጥ በ2009 የወጣ ሙከራ ላይ 10 ሰዎችን በሰውነታቸው ሰዓት ሌሊት እያስበሉ ቀን እያስተኙ ሲለኳቸው ሌፕቲናቸው በ17 ከመቶ ወርዷል፣ ስኳራቸው ጨምሯል፤ ከጤነኞቹ ውስጥ አንዳንዶቹ ስኳር በሽታ ሊጀምረው በደረሰ ሰው ልክ ሆነው ተገኝተዋል። ያው ምግብ ነው። ሰዓቱ ብቻ ነው የተገለበጠው።

ስለ ባለቤቴ ልንገራችሁና። እሱ ሌሊት ሌሊት ሰው ያመላልስ ነበር። ቀን ቤት ተኝቶ ሲያንኮራፋ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። እኛ አገር ማንኮራፋት የጥሩ እንቅልፍ ምልክት ነው፤ «ምን የመሰለ እንቅልፍ ወሰደው» ይባላል። እኔም እንደዚያ እል ነበር። አንድ ቀን ሁለታችንም ዕረፍት ሆነን አጠገቡ ነቅቼ ተኝቻለሁ። ማንኮራፋቱ ድንገት ቆመ። ዝም። ሥራዬ ነውና ትንፋሽ መቁጠር ለምዶብኛል፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያየሁ ቆጠርኩ። 10። 15። 20። 27 ላይ ሰውነቱ ዘለል አለና እንደ ሰመጠ ሰው አየር ሳበ። ከዚያ እንደገና ማንኮራፋት። ከዚያ እንደገና ዝም።

ይሄ በእንቅልፍ ውስጥ የትንፋሽ መቋረጥ ነው። አንገትና ጉሮሮ አካባቢ ስብ ሲበዛ፣ ተኝተን ጡንቻው ሲላላ፣ የአየር መንገዱ ይዘጋል። አንጎል ለመተንፈስ ብሎ ይነቃል፣ ሰውየው ግን መንቃቱን አያውቅም። እሱን ሐኪም ቤት በሰጡት መሣሪያ ቤት ውስጥ ሲለኩት በሰዓት 34 ጊዜ ይቆም ነበር፤ ከ30 በላይ ከባድ ይባላል። 8 ሰዓት ተኝቶም ደክሞት የሚነሳው፣ መሪ ላይ የሚያንቀላፋው፣ ለስላሳ የሚደጋግመው ለዚህ ነበር። ውፍረቱ እንቅልፉን ይሰብራል፣ የተሰበረው እንቅልፍ ረሃቡን ይጨምራል፣ ረሃቡ ውፍረቱን። ተያይዘው ይሽከረከራሉ፣ የቱ እንደጀመረው ማወቅ አይቻልም።

አሁን በሲፓፕ ነው የሚተኛው፤ አፍንጫ ላይ የሚደረግ ጭንብልና አየር የሚነፋ ትንሽ ማሽን ነው። ስለ ክብደት መቀነሻው መርፌም ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ቲርዜፓታይድ የሚባለው በታኅሣሥ 2024 ውፍረት ላለባቸውና ትንፋሻቸው መካከለኛና ከባድ በሆነ መጠን ለሚቋረጥ አዋቂዎች አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። ይሄን ከሐኪማችሁ ጋር ነው የምትነጋገሩት፣ ከኔ ጋር አይደለም። እኔ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። አጠገባችሁ የሚተኛ ሰው የሚያንኮራፋና ዝም የሚል ከሆነ፣ አትሳቁበት። ቁጠሩ። ቆጥራችሁ ሐኪም ጋ ውሰዱት።

እኔ ናይት የተውኩት ባለፈው ዓመት ነው። ቀላል አልነበረም። ናይት በሰዓት 2 ዶላር ጭማሪ አለው፣ ያ 2 ዶላር ደግሞ ወር ሲሞላ እናቴ ጋ የሚሄደው ገንዘብ ነው። «እንቅልፍማ አገር ቤት ቀረ» እየተባባልን ነው እኮ እዚህ የምንኖረው። ደብል፣ ሁለት ፈረቃ ደርቦ፣ የሚሠራ ሰው ይመሰገናል፣ 7 ሰዓት የሚተኛ ሰው ሰነፍ ይመስላል። ይሄ ነገር ያናድደኛል፣ ያሳዝነኛልም። ሐኪሞች ለአዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት ሲሉ ለቅንጦት አይደለም። ስንት ጠንካራ ሴት አውቃለሁ፣ 3 ልጅ አሳድጋ፣ 2 ቦታ ሠርታ፣ አገር ቤት ቤት ሠርታ፣ በ45 ዓመቷ ስኳርና ደም ግፊት ይዛ የተቀመጠች። እሷን «ትንሽ ብዪ» ማለት ግፍ ነው።

በ2022 የወጣውን ሳልነግራችሁ አላልፍም፣ ምክንያቱም ከሁሉም የወደድኩት እሱ ነው። ክብደታቸው የበዛና ከ6 ሰዓት ተኩል በታች የሚተኙ 80 ሰዎች ነበሩ። ግማሾቹን በየቤታቸው እንዴት በደንብ እንደሚተኙ ብቻ መከሯቸው። ስለ ምግብ አንድ ቃል አልተነገራቸውም። እንቅልፋቸው በ1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ገደማ ሲጨምር፣ ካልተመከሩት ጋር ሲነጻጸር፣ በቀን 270 ካሎሪ ያህል ቀንሰው በሉ። 2 ቆርቆሮ ለስላሳ ማለት ነው። ማንም ሳይከለክላቸው!

የኔም እንደዚያ ነው የሆነው። ጠዋት 1 ሰዓት መግባት ከጀመርኩ በኋላ ማታ 4 ሰዓት ሳይሞላ እተኛለሁ። ቡና ከቀኑ 7 ሰዓት በኋላ አልጠጣም፤ የካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ ማታ የሚፈላው ቡና በረካው ሲደርስ እኩለ ሌሊት ላይ ገና ደም ውስጥ ነው። ቡናው ሲፈላ ግን እቀመጣለሁ፣ ጭሱን እሞቃለሁ፣ ቆሎውን እቆረጥማለሁ። እንጀራ እበላለሁ፣ ዘይቱን በማንኪያ ለክቼ። 74 ኪሎ ነኝ። 61 ልመለስ አልልም። ጉልበቴ አይንቀጠቀጥም።

መቀየር የማይችል ሰው ግን አለ። ልጅ ያለው፣ ቀን ሌላ ሥራ ያለው፣ ናይት ብቻ የተገኘለት። አብራኝ ስትሠራ የነበረች አንዲት ልጅ አሁንም እዚያው ናት። እሷ ደውላልኝ ምን ላድርግ ስትለኝ፣ እኔ በመጨረሻው ዓመት ያደረግኩትን ነገርኳት። ምሳ ዕቃሽን ከእኩለ ሌሊት በፊት ብዪ፣ 9 ሰዓት ላይ ሻይ ያለ ስኳር ይዘሽ ከካርቶኑ ራቅ በዪ። ጠዋት ስትወጪ ጥቁር መነጽር አድርጊ። ቤት ስትገቢ ቀለል ያለ ነገር ቀምሰሽ ቀጥታ አልጋ። ለቤተሰብ የምታወሪበትን ቀን ለይተሽ ንገሪያቸው፤ መጀመሪያ ይቀየማሉ፣ ከዚያ ይለምዱታል። እናቴ ለምዳለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ነው የምንገናኘው፣ እንዲያውም ወሬያችን ጣፍጧል።

ብርሃን የማያስገባውን ጥቁር መጋረጃዬን ሰጠኋት። የሷ መስኮት ረጅም ነው፣ ከታች አንድ ክንድ ያህል አጠረ፤ ነጠላ አጥፋ ቀጠለችበት። ትናንት ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ረስቼው ደወልኩላት። ስልኳ ዝግ ነው።